ሞምባሳ አልጋ ሲያዝ

ሞምባሳ ለሚሄድ ደንበኛ አልጋ ስይዝ ሆቴል የምፈልገው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሜ የምወስነው ከየትኛው ውሃ ወዲህ ወይም ወዲያ እንደሚያድር ነው። ሰዉ ግን ቢሮ ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ የሚያሳየኝ ፎቶ ነው፤ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አንሶላ፣ ሁለት ዘንባባ። «ይቺን ያዝልኝ፤ ዋጋዋም ደህና ነው» ይላል። «ሥራህ የት ነው?» ስለው «ሞምባሳ ነዋ!» ይለኛል።

አልፈርድበትም። እኛ ውሃ ዳር ማደርን የለመድነው ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱና ባሕር ዳር ነው። ሐይቅ ዳር ከተማው በአንድ ወገን፣ ውሃው በሌላ ወገን ነው፤ የትም ቢታደር በባጃጅ የተፈለገበት ይደረሳል። ውሃውም ማታ ከነበረበት ጠዋት አይጠፋም። ሞምባሳ ላይ ሁለቱም አይሠሩም። ውሃው ከተማውን ይቆራርጠዋል፤ ደግሞም በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመጣል። የሆቴሉ ኮከብ ብዛት ከእነዚህ ሁለት ነገሮች በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው።

መሃል ከተማው ደሴት ነው። በምዕራብ በኩል ማኩፓ ላይ ውሃውን አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ ከየብስ ያገናኘዋል፤ ኤርፖርቱም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የናይሮቢ ባቡር የሚቆምበት ሚሪቲኒ በዚያ ወገን ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው የንያሊ ድልድይ አለ፤ ንያሊ፣ ባምቡሪና ሻንዙ የሚባሉት የባሕር ዳርቻ ሠፈሮች ከእሱ ማዶ ናቸው። ወደ ደቡብ፣ ወደ ዲያኒ ለመሄድ ግን ከመሃል ከተማ ለሚነሳው ሰው አጭሩ መንገድ ሊኮኒ ላይ በፌሪ መሻገር ነው።

ሊኮኒን ያላየ ሰው «ፌሪ» ሲባል ሽርሽር ይመስለዋል። ውሃው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ማዶ የቆመ ሰው የለበሰው ሸሚዝ ቀለሙ ይለያል። እግረኛ በነፃ ስለሚሻገር ማምሻውን ከሥራ የወጣው ሕዝብ ሁሉ እዚያ መጠለያ ሥር ይታጨቃል። ብስክሌት የሚገፋው፣ ዶሮ በቅርጫት የያዘችው፣ የተማሪ ዩኒፎርም የለበሰው፣ ጋሪ ላይ ሸቀጥ የከመረው፣ ሁሉም ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። በሩ ሲከፈት ቁልቁለቱን እየሮጠ ይወርዳል። መኪኖቹ በሌላ መስመር ሞተራቸውን አጥፍተው ተሰልፈዋል። ፌሪው ሊነሳ ሲል ደግሞ ኮንቴይነር የተደረደረበት መርከብ ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ ይገባል፤ ፌሪው ቆሞ ያሳልፈዋል። መሻገሩ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ጥበቃው ሰዓት ሊበላ ይችላል። እንግዲህ መሃል ከተማ የሦስት ቀን ስብሰባ ያለው ሰው ዲያኒ አልጋ ቢይዝ፣ ጠዋትና ማታ በዚህ ውስጥ ሊመላለስ ነው። ዲያኒ ከመሃል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚያደክመው ግን ርቀቱ ሳይሆን ውሃው ነው።

ስለዚህ ካርታ ላይ «ከመሃል ከተማ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» የሚለውን ጽሑፍ አላምነውም። ብዙ ጊዜ የሚለካው ወፍ በሚበርበት መንገድ ነው። «ሞምባሳ» ተብሎ የተጻፈ ሆቴልም ዲያኒ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኪሊፊ ሊሆንም ይችላል። የሠፈሩን ስም ሳላገኝ ገንዘብ አላስልክም። ለዕረፍት ብቻ ዲያኒ ለሚሄድ ሰው ነገሩ አሁን ቀሏል፤ በቅርብ ዓመታት የተከፈተው የዶንጎ ኩንዱ መንገድ ከምዕራቡ ወገን ተነስቶ በድልድዮች ወደ ደቡብ ስለሚያሻግር፣ ከኤርፖርት ወይም ከባቡር የወረደ ሰው ደሴቱን ሳይረግጥ ይደርሳል። ከናይሮቢ ኡኩንዳ ድረስ የሚበር ትንሽ አውሮፕላንም አለ፤ ዲያኒ ከዚያ አጠገብ ነው። ስብሰባው ባምቡሪ ወይም ሻንዙ የሆነ እንደሆነ ደግሞ እዚያው ሰሜን ማደር ነው። የንያሊ ድልድይ ጠዋት ወደ ደሴቱ፣ ማታ ከደሴቱ በሚጎርፈው መኪና ይጨናነቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠይቀው ጥያቄ ትንሽ ያሳፍራል፤ «ትዋኛለህ?» አብዛኛው ደንበኛዬ አይዋኝም። ደጋ ያደገ ሰው ባሕር ዳር ሄዶ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ይህ ነውር የለውም፤ ግን ለዚህ ብሎ አሸዋው አፍ ላይ ላለ ውድ ሆቴል መክፈል አለበት ወይ? አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ እዚያ ውሃ ውስጥ አልገባም፤ ልጆቹ ናቸው ሂጂ ሂጂ የሚሉኝ» አሉኝ። «እንግዲያውስ እማማ፣ ከተማው ውስጥ ይደሩ» አልኳቸው። ደሴቱ ላይ ይህ ነው የሚባል የመዋኛ አሸዋ የለም፤ ነገር ግን ማማ ንጊና የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ አለ። ወደ ማታ የከተማው ሰው ቤተሰቡን ይዞ እዚያ ይወጣል። ትልልቅ የባኦባብ ዛፎች ሥር የተጠበሰ ካሳቫ በሎሚና በበርበሬ፣ የኮኮነት ውሃ ከነቅሉ ይሸጣል። ወደ ወደቡ የሚገባው መርከብ በቅርብ ያልፋል፤ ለማይዋኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ባሕር አላውቅም። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት የጀመሩት የፎርት ጂሰስ ምሽግና ከጎኑ ያለው አሮጌው ከተማም በእግር ወይም በአጭር ባጃጅ ይደረሳል። አሮጌው ከተማ ውስጥ ማደርም ይቻላል፤ ጠባብ መንገድ፣ የተቀረጸ የእንጨት በር፣ ንጋት ላይ ከየመስጊዱ አዛን። እንቅልፍ ለሚቀለው ሰው ግን ይህን አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ወደ ጊዜው ልምጣ። የእኛ የሰርግ ወቅትና የሞምባሳ ዝናብ አይግባቡም። ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ተድሮ የጫጉላ ሽርሽሩን ባሕር ዳር ማድረግ የሚፈልግ ሙሽራ የሚደርሰው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ የኬንያ ጠረፍ ረጅሙ ዝናብ የሚወርደውም በዚያው ሰሞን ነው። ዋጋ የሚረክሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ሆቴል ዘግቶ ዕድሳት ይገባል። ሙሽሮች ቅናሹን አይተው ሲደሰቱ ሳይ ዝም ማለት አልችልም። የጥር ሙሽራ ግን ዕድለኛ ነው። ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስበት ወቅት ስለሆነ ሰማዩ ደረቅ ነው፤ ፈረንጆቹም ገናቸውን አክብረው ስለተመለሱ ዋጋው ረገብ ይላል። ሙቀቱን ግን መቻል ነው። እኛ ክረምት ላይ ስንሆን እዚያ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ መጥፎ አይደሉም።

ባሕሩን የሚያይ ክፍል ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ነፋሶች የሚመጡት ከባሕር በኩል ነው። ወደ ግቢው የዞረ ክፍል ኤሲው የተበላሸ ለታ መጋገሪያ ነው፤ ወደ ባሕሩ የዞረው ውስጥ ግን መስኮት ከፍቶ መተኛት ይቻላል። ተጨማሪውን ገንዘብ ለዕይታው ሳይሆን ለነፋሱ ክፈሉ እላለሁ።

አሁን ወደ ፎቶው። ሆቴል ያወጣውን ፎቶ ስታዩ ውሃው የት ድረስ እንደመጣ ተመልከቱ። ሁልጊዜ አሸዋውን ሸፍኖ ግንቡ አጠገብ ነው። ፎቶ አንሺው ባሕሩ እስኪሞላ ጠብቋላ! ሲጎድል ያንኑ ቦታ ብታዩት አታውቁትም። ከጠረፉ ፈንጠር ብሎ የኮራል አለት አለ፤ ውሃው በአለቱና በዳርቻው መካከል ሲሸሽ ጭቃማ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና እሾሃማ የባሕር ጃርት ይቀራል፤ ለመዋኘት ሩቅ በእግር መሄድ ነው። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ በሚሆንበት ሰሞን ሽሽቱ ይበረታል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እና 5 ሰዓት ገደማ፣ ልጆች ቁርስ በልተው ዋና የሚያምራቸው ሰዓት ላይ፣ ባሕሩ የለም። ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ይገኛል። ስለዚህ ለመዋኘት ለሚሄድ ሰው ትኬት ስቆርጥ ጨረቃዋን አያለሁ። ልጆች ካሉ ደግሞ ጥሩ ገንዳ ያለው ሆቴል እመርጣለሁ፤ ገንዳ አይሸሽም።

የባሕር ዳርቻው ራሱ በኬንያ የሕዝብ ነው። «የግል ቢች» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሳቁበት። ይህ ለእኛ ኪስ ደግ ነገር ነው፤ ከዋናው መንገድ ባሻገር፣ በሁለተኛው ረድፍ ያለ ርካሽ ማረፊያ ያደረ ሰውም እዚያው አሸዋ ላይ ይወርዳል። ብቻ በግንቦች መካከል ወደ ባሕሩ የሚያወጣው መተላለፊያ የት እንደሆነ፣ ከመሸ በኋላም ሰው የሚሄድበት መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ምግብን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ በጾም ወቅት የሚሄድ ሰው «ሁሉን ያካተተ» የሚባለውን ክፍያ አይግዛ፤ ለማይበላው ሥጋና ለማይጠጣው ቢራ ሊከፍል ነው። ቁርስ ብቻ ይበቃዋል። ውጭ ወጥቶ በኮኮነት ወተት የተሠራ ቦሎቄና የርግብ አተር እንደ ልቡ ያገኛል።

የመጨረሻው ሥራ ስልክ መደወል ነው። ሪሴፕሽን ለሚያነሳው ሰው የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ነው ወይስ የሚጠጣ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ኤሲውንም ያነሳል ወይስ አምፖል ብቻ? አጎበር አለ? (ጠረፉ የወባ አገር ነው።) ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን በር ማጠፊያ ፎቶ እንዲልክልኝ እለምነዋለሁ። ይስቃል፤ ግን ይልካል። የባሕር ጨው ብረት አይምርም፤ ማጠፊያውን በየጊዜው የሚቀይር ሆቴል ሌላውንም ይጠግናል። ሰዓት ሲነግራችሁ ደግሞ አስተውሉ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን የፈረንጁን ሰዓት ይናገራል። በዚህ ምክንያት ብቻ ኤርፖርት የሚቀበለው መኪና ያመለጠው አለ።

ስልክ የማያነሳ ወይም ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚቆጣ ሆቴል ካጋጠማችሁ ቀብዱን አትላኩ። ከፈረንጆች ገና ሰሞን በስተቀር ሞምባሳ አልጋ አይጠፋም።