ቶምና የፒያኖ ሚዛን

ፑኝዶ የአኙዋክ አገር ናት። በአኙዋክ፣ በኑዌርና በማጃንግር ብሔረሰቦች ዘንድ፣ በሁለት እጅ ተይዞ በአውራ ጣቶች የሚጫወቱት ቶም የተባለ የሙዚቃ መሣሪያ አለ። የውጭ ተመራማሪዎች ወገኑን ሁሉ «የአውራ ጣት ፒያኖ» ብለው ሰይመውታል። ስያሜ ግን ሚዛንም ነው። ቶምን ትንሽ ፒያኖ ነው ብሎ የሚነሣ ሰው፣ ያረጀውን ሲጠግን ወደ ትልቁ ፒያኖ ቅኝት ሊጎትተው ይከጅላል።

የሁለቱ አሠራር ለየቅል ነው። የፒያኖ ክሮች በመዶሻ ይመታሉ፤ 88ቱ ቁልፎችም ኦክታቩን በ12 እኩል እርከኖች በከፈለ ሥርዐት ይቃኛሉ። ቶም ክር የለውም፤ በእንጨት አካሉ ላይ የተሰደሩት የብረት ምላሶች በጣት ተጭነው ሲለቀቁ ይርገበገባሉ። ምላሱ ወደ ውጭ ሲሳብ ድምፁ ይወፍራል፤ ወደ ውስጥ ሲገፋ ይቀጥናል። እንግዲህ ቅኝቱ የሚኖረው በብረቱ ሳይሆን በተጫዋቹ ጆሮ ነው። የተሰበረ ምላስ በሌላ ብረት ይተካል፤ ያ ጆሮ ከጠፋ ግን ምትክ የለውም። እንጨቱና ብረቱ ቅርጽ፣ ቅኝቱ ይዘት ነው፤ ቅርጽን አድኖ ይዘትን ማጥፋት ጥገና አይባልም።

ሂው ትሬሲ በደቡብ አፍሪካ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ካሊምባ» ብሎ ለገበያ ያቀረበው መሣሪያ በአውሮፓ ሜጀር ስኬል የተቃኘ ነበር። ትሬሲ የአፍሪካን ዜማ በድምፅ በመቅረጽ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ሆኖም ዓለም የለመደው ካሊምባ የመንደሩን ቅኝት ይዞ አልወጣም። በአንጻሩ ዩኔስኮ በ2013 ዓ.ም. የማላዊንና የዚምባብዌን ምቢራ ሲመዘግብ፣ ዕውቅና የሰጠው ለመሥራትና ለመጫወት ጥበቡ ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1916–2015 ዓ.ም.) በባዕዱ ፒያኖ የአገራቸውን የዜማ ጠባይ አሰምተዋል። በእርሳቸው እጅ መሣሪያው ለዜማው ተገዛ። ቶምን በፒያኖ ቅኝት «ማደስ» ግን ዜማውን ለባዕድ መሣሪያ ማስገዛት ነው።

ስለዚህ አሮጌ ቶም የሚያድስ ባለሙያ፣ አንድም ምላስ ከመንቀሉ በፊት የእያንዳንዱን ርዝመትና ድምፅ ይመዝግብ፤ ከባለቶሙ ጎን ተቀምጦም ያድምጥ። መምህሩም ተማሪዎቹን ወደዚያው ይውሰድ። ዝገቱ ተወልውሎ በመደርደሪያ የሚያብረቀርቅ፣ ቅኝቱን የሚያውቅ ሰው ያጣ ቶም፣ ድኗል ሊባል አይገባም።