ስሙ ሳይጣራ ሥሩ አይፈላ

ለክረምት ምርምር የተመደበ የኬሚስትሪ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ብልቃጥና አልኮል ነው። የተክሉ ማንነት ግን በመጨረሻ፥ ጽሑፉ ሲታሰር የሚታወስ ጉዳይ ሆኗል። ይህ ልማድ የሚያመጣውን ጉዳት ለማስረዳት በሰሜን አሜሪካ የሣር ሜዳ የምትበቅለውን ኤኪናሲያን እንመልከት።

ሜልቪን ጊልሞር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 ዓ. ም. ባሳተመው ጥናት፥ የሚዙሪ ወንዝ አካባቢ ነባር ሕዝቦች ቅጠለ ጠባቧን ኤኪናሲያ ለእባብ ንክሻና ለጥርስ ሕመም ይጠቀሙባት እንደ ነበር ጽፏል። ሥሯን ያኘከ ሰው ምላሱ ይደነዝዛል፤ ይህንንም የሚያደርጉት አልካማይድ የተባሉ ውሕዶች መሆናቸውን ኬሚስቶች ኋላ አረጋግጠዋል። እስከዚህ ድረስ የአገሬው ዕውቀትና ቤተ ሙከራው ተስማምተዋል።

ስሕተቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በ1930ዎቹ ጀርመናዊው ጌርሃርድ ማዳውስ የቅጠለ ጠባቧን ዘር ፈልጎ ሳለ፥ የበቀለለት ሐምራዊቱ ኤኪናሲያ ሆነች፤ የጀርመንም ምርምር በእርስዋ ላይ ቀጠለ። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በ1950 ከቅጠለ ጠባቧ ሥር የተለየው ኤኪናኮሳይድ በሐምራዊቱ ሥር አይገኝም። ይባስ ብሎ የሐምራዊቱ ናቸው ተብለው የተጻፉ አንዳንድ ውሕዶች ከገበያ የተቀላቀለ ፓርቴኒየም ኢንተግሪፎሊየም የተባለ የሌላ ተክል ውሕዶች መሆናቸው በ1980ዎቹ ታወቀ። የኬሚስቱ ሚዛን አልሳተም፤ የተመዘነው ግን ሌላ ነበር።

«ክረምቱ አጭር ነው፤ ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። አበባ ያላት አንዲት ቅርንጫፍ ቈርጦ በወረቀት መሐል ለመጫን የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል፤ የተበላሸውን ምርምር እንደገና ለመጀመር ግን ሌላ ክረምት ያስፈልጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ነገሩ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፥ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ካዩ በኋላ የተደረገው ምርመራ፥ እንዶድ ራሱ በኃይል የሚበላለጡ ዓይነቶች እንዳሉት አሳየ፤ ዓይነት 44 የተባለውም ብርቱ ሆኖ በመገኘቱ ተመረጠ። እንግዲያውስ «እንዶድ ነው» ብሎ መጻፍ እንኳ አይበቃም።

ይህን ስጽፍ ራሴን ነፃ አላወጣም። ባለፈው ክረምት በደብተሬ ላይ ያሰፈርሁት የገበያ ስም ብቻ ነበር። መምህሬ «ተክሉን አሳየኝ» ቢሉኝ የማሳየው ቅጠል አልነበረኝም፤ የስምንት ሳምንት ድካሜም በመሳቢያ ቀረ። ስለዚህ ይህ መጽሔት የሄርባሪየም ናሙና ቊጥር የሌለውን የእጽዋት ኬሚስትሪ ጽሑፍ ከእንግዲህ እንዳይቀበል አሳስባለሁ፤ የእኔንም ጭምር።