የእህል በረንዳ ጣሪያ በክረምት

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ መርካቶ ካለው እህል በረንዳ ነጋዴዎች ስልክ ይደወልልኛል። «ጣሪያው አፈሰሰ፤ ቆርቆሮ ይዘህ ድረስልን» ይላሉ። መርካቶ ውስጥ ጣሪያ እየሠራሁ ስኖር የተረዳሁት ግን ብዙውን ጊዜ ቆርቆሮው ጥፋት እንደሌለበት ነው። ጥፋቱ የአሸንዳው ነው፤ ካልሆነም የሚስማሩ።

የእህል በረንዳ አሸንዳ እንደ ሌላ ሰፈር በቅጠል አይደፈንም። ጆንያ ሲራገፍ፣ ጤፍ ሲነፋ፣ ስንዴ ሲበጠር የሚነሣው ብናኝ በጋውን ሙሉ ጣሪያ ላይ ተኝቶ ይከርማል። የበልግ ካፊያ ሲመጣ ጠርጎ አሸንዳ ውስጥ ይከተዋል፤ እዚያ ጭቃ ሆኖ ይረጋል። ርግቡም አለ። ፍሬ በሚፈስበት ሰፈር ርግብ አይጠፋም፤ አሸንዳው ላይ ጎጆ ይሠራል፣ ኩሱም የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል።

ባለፈው ግንቦት አንዲት የጤፍ ነጋዴ ከኋላ ግድግዳ በኩል ያለው ጆንያ ስለረጠበባቸው ጣሪያውን በሙሉ ሊያስቀይሩ ቆርቆሮ ገዝተው ጠሩኝ። መሰላል አቁሜ ወጣሁ። አሸንዳው ውስጥ ስንዴ በቅሎ ለምልሟል፤ ሥሩ ተቆላልፎ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ጥግ ይዤ ብስበው አንድ ላይ ተነሣ። ከሥሩ ያለው ጭቃ ጥቁር ነው፣ ይኮመጥጣል፤ ጭቃው የተኛበት ላሜራ በአውራ ጣት ስጫነው ተበሳ። «እትዬ፣ ቆርቆሮውን ለሻጩ ይመልሱት፤ የሚቀየረው አሸንዳው ነው» አልኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም፤ ጭቃውን በባልዲ አውርጄ ሳሳያቸው ነው የተቀበሉኝ።

ሒሳቡን ማንም ሊያሰላው ይችላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። አንድ የሐምሌ ዶፍ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 3,000 ሊትር፣ ማለትም 15 በርሜል ያወርዳል። ያ ሁሉ ውሃ የሚያልፈው በአንዲት የቱቦ አፍ ነው። መርካቶ ውስጥ ሱቆች ጀርባ ለጀርባ ስለተያያዙ አሸንዳው የሚቀመጠው በሁለት ጣሪያዎች መካከል ነው፤ ሲሞላ ወደ ውጭ የሚፈስበት የለውም። በቆርቆሮው ሥር ተመልሶ በግድግዳው አናት ይገባል፤ ከዚያ ጆንያው ላይ ነው።

ሚስማሩን የሚያላላው በጋው ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቆረጥማል፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ቆርቆሮውን እጅ የማያስነካ ያደርገዋል። 3 ሜትር ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ ሲመሽ ይሰበሰባል። በየቀኑ እንዲህ እየሆነ ሚስማሩን ይነቀንቀዋል፣ የሚስማሩ ጎማም በፀሐይ ይሰነጠቃል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ከሆነ እንጨቱ ሲደርቅ ሚስማሩን ይለቀዋል። ደግሞም ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ቦዩ ላይ የመታ ሠራተኛ ውሃው በሚሄድበት መንገድ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ነው የወረደው፤ ይህን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

ቆርቆሮው እንዳይነሣ ብሎ ድንጋይ መጫንም መፍትሔ አይደለም። ድንጋዩ ዚንኩን ይፍቃል፣ ከሥሩ ውሃ ይይዛል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። በዝናብ መሐል ካትራሜ መቀባት ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው፤ እርጥብ ቆርቆሮ ካትራሜ አይዝም፤ ከሥሩ የታፈነው ውሃ ቦታውን እያዛገ ይከርማል።

አንዳንዴ ጣሪያው አንድም ቀዳዳ ሳይኖረው ያንጠባጥባል። ቆርቆሮው አልቦት ነው። የክረምት ሌሊት ቆርቆሮውን ያቀዘቅዘዋል፤ በተዘጋው መጋዘን አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካው ውሃ ይሆናል። መለየቱ አያስቸግርም፦ ሌሊቱን ሳይዘንብ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ቢንጠባጠብ፣ ደግሞም በአንድ መስመር ሳይሆን በጣሪያው ሁሉ ቢሆን፣ ላብ ነው። እዚህ ላይ ምንም ቢለጥፉ ዋጋ የለውም። ከላይ አየር መውጫ መክፈት፣ ጆንያውን ርብራብ ላይ ማስቀመጥ፣ ከግድግዳውም ትንሽ ማራቅ ነው የሚያዋጣው። በቆሎ እርጥበቱ ከ14 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይቀናዋል፤ የሻገተ በቆሎ ደግሞ ጉበት የሚጎዳውን አፍላቶክሲን ሊይዝ ይችላል። ያ እህል ተፈጭቶ የሚገባው ሰው ቤት ነው።

የእህል በረንዳ ነጋዴዎችን የምለምነው ይህን ነው። የበልጉ ዝናብ ሲያባራ፣ ግንቦት ላይ፣ አሸንዳውን አስጠርጉ፣ የላላውን ሚስማር አስቀይሩ፤ ከጎረቤታችሁ ጋር የምትጋሩት አሸንዳ ከሆነ ወጪውን ተካፈሉ። ሳታደርጉት ሐምሌ ከደረሰ ደግሞ ጆንያውን አሽሹ፣ ሸራ አልብሱ፣ ዝናቡ እስኪያባራና ቆርቆሮው እስኪደርቅ ታገሡ። ተሸካሚውን ልጅ «ወጥተህ ድፈንልኝ» ብላችሁ በዝናብ አትላኩት። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፣ የመርካቶ የመብራት ሽቦም በየጣሪያው ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ከተበላሸ ጤፍ ይልቅ የዚያ ልጅ ሕይወት ይቅደም።