ጎማ ለብሶ የተራመደው ሰው

ጎድዚላ ከባሕር ወጥቶ ወደ ቶኪዮ ሲገሰግስ ጦሩ የሚጠብቀው በኤሌክትሪክ አጥር ነው። ከፍተኛ ኃይል የተሸከሙ የብረት ማማዎች በመንገዱ ላይ ተሰድረዋል። አውሬው ደርሶ ሽቦውን ሲገፋው ብልጭታው ሌሊቱን ይሞላዋል፤ እሱ ግን አይመለስም። ቆም ይልና አፉን ከፍቶ ነጭ ትንፋሽ ይለቅባቸዋል። ማማዎቹ አይፈነዱም፤ አይገነደሱምም። መጀመሪያ ይግላሉ፤ ቀጥሎ ይነጣሉ፤ ከዚያ ጉልበት ይከዳቸውና ቀስ እያሉ ይጎብጣሉ።

ማማዎቹ የሰም ናቸው። በሙቀት እንዲልሙ ታስቦ ተሠርተው በካሜራ ፊት እንዲቀልጡ ተደረገ። ይህን ያሰበ ሰው ብረት ምን እንደሚመስል ብቻ ሳይሆን ብረት እንዴት እንደሚሸነፍ ያውቅ ነበር። ቆርቆሮ ቢጠቀም ኖሮ ይቆለመም ነበር፤ እንጨት ቢሆን ይሰበር ነበር። ሰም ግን ቅርጹን እንደያዘ ይደክማል። ትዕይንቱን የሚያስፈራው ይህ ድካም ነው፤ የማይሸነፍ የመሰለን ነገር ሳይጮህ ሲሸነፍ እናያለንና።

ፊልሙ «ጎድዚላ» ነው። የጃፓኑ ቶሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1954 ለሕዝብ አቀረበው፤ ያዘጋጀው ኢሺሮ ሆንዳ፣ ልዩ ኢፌክቱን የመራው ኤጂ ጹቡራያ ነው። በአገሩ ከ9 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሽጦለታል። እነዚያ ሰዎች ሊስቁ አልገቡም። ዘመን እያለፈ፣ ተከታታዮቹ እየበዙና እየረከሱ ሲሄዱ ግን በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ጎድዚላ የመሳቂያ ስም ሆነ፤ «ጎማ የለበሰ ሰውዬ የካርቶን ከተማ ሲረግጥ» ተባለ። ጓደኛሞች ተሰብስበው መጥፎ የሚሉትን ፊልም መጥፎ ስለሆነ ብቻ የሚያዩበት ምሽት የተለመደ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሚኒሶታ የጀመረው «ሚስተሪ ሳይንስ ቲያተር 3000» የተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ደግሞ ልማዱን ሙያ አደረገው፤ አንድ ሰውና ሁለት ሮቦቶች በስክሪኑ ግርጌ ተቀምጠው በሚያልፈው ፊልም ላይ ይቀልዳሉ። የጎድዚላ ፊልሞችም ተራ ደርሷቸዋል።

ይህ ሳቅ ሁሉ ንቀት ነው አልልም። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመችው ዝነኛ ድርሰቷ፣ ከልክ ያለፈውንና ያልተሳካውን ነገር የሚወድ ጣዕም ከፍርድ ይልቅ ለፍቅር የቀረበ መሆኑን ጽፋለች። እውነት አላት። እኔን የሚያሳስበኝ ሳቁ ዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሊስቅ የተቀመጠ ሰው የሚፈልገው ስፌቱን ነው። ዚፑ የታየበትን፣ ሽቦው ያብለጨለጨበትን ቦታ ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። የሸማኔን ሙያ ጥለቱን ገልብጦ ከጀርባው ባለው ቋጠሮ እንደ መፍረድ ነው። ሥራው የሚጀምረው እሱ ማየት ካቆመበት ቦታ ነው።

እስቲ ልብሱን ቀረብ ብለን እንየው። ጹቡራያ የፈለገው ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣው «ኪንግ ኮንግ» የተማረከ ሰው ነበርና፣ አውሬውን እንደዚያው አሻንጉሊት በፍሬም በፍሬም እያንቀሳቀሰ ሊቀርጸው ይመኝ ነበር። በዚያ መንገድ ቢሄድ ፊልሙ ዓመታት ይፈጃል፤ የተሰጠው ጊዜ ግን ወራት ነበር። ሰው ማልበስ ግድ ሆነ። ከቀርከሃና ከሽቦ አጽም ተሠራ፤ በላዩ ጨርቅና ጥጥ ተጠቀጠቀ፤ ከዚያ ላቴክስ ጎማ ተደራረበ። የመጀመሪያው ልብስ ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ግራም ይጠጋ ነበር ይባላል፤ ድርቀቱ ደግሞ ከክብደቱ የባሰ ነበር። አልጣሉትም። ለሁለት ቆርጠው እግር ብቻ ወይም ደረት ብቻ ለሚታይበት ቀረጻ አዋሉት፤ ለሙሉ አካሉ ሌላ ሠሩ።

በውስጡ የገባው ሃሩኦ ናካጂማ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። በስቱዲዮ መብራት ሥር፣ በዚያ ጎማ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚቆየው፤ ሲወጣ ላቡ ከልብሱ ይንቆረቆር ነበር። አንገቱ ላይ በተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበር የሚያየው። ለዚህ ሚና ሲዘጋጅ ትላልቅ እንስሳት እንዴት እንደሚራመዱ ለማጥናት ወደ ኡኤኖ የእንስሳት ማቆያ መሄዱን ራሱ ተናግሯል። ጥናቱ ፊልሙ ላይ ይታያል። ጎድዚላ እንደ ሰው ተረከዙን አስቀድሞ አይረግጥም፤ እግሩን መሬቱ ላይ ያሳርፈዋል፤ የሰውነቱ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እስኪሸጋገር ይጠብቃል። ትከሻው ዘግይቶ ይከተላል። አንድ ሰው ፊቱ ተሸፍኖ፣ እጁ ታስሮ፣ ድምፁ ተወስዶበት፣ በአረማመድ ብቻ ገጸ ባሕርይ ፈጠረ። ናካጂማ ይህን ሥራ እስከ እ.ኤ.አ. 1972 ድረስ ቀጠለበት፤ በ2017 በ88 ዓመቱ ሲሞት የዓለም ጋዜጦች በክብር አነሡት። ይገባዋል። ተዋናይ ነበር፤ ያውም ታላቅ ተዋናይ።

ክብደቱ ግን ከአረማመዱ ብቻ አልመጣም። እዚህ ላይ ጊዜ ራሱ በጥንቃቄ ተቀርጿል። በታሪኩ ጎድዚላ 50 ሜትር ይረዝማል፤ ከተማው የተሠራው በአመዛኙ ከእውነተኛው 25 ጊዜ አንሶ ነው፤ ስለዚህ ልብስ የለበሰው ሰው ቁመት 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን አስቡት፦ ከ50 ሜትር ከፍታ የወደቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ ከ3 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ከ2 ሜትር የወደቀ ግን ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ርዝመት በ25 ሲያንስ የመውደቂያ ጊዜ የሚያንሰው በ5 ብቻ ነው፤ የመሬት ስበት ለሞዴል ብሎ አይቀንስም። የፈራረሰው ግንብ ፍርስራሽ ቶሎ ከወደቀ ዓይናችን ያለ ምንም ስሌት «ትንሽ ነው» ይላል። ጹቡራያ ካሜራውን ከተለመደው ፍጥነት በላይ አስኬደው፤ ፊልሙ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ አቧራው ተንሳፈፈ፣ ጡቡ ዘገየ፣ እርምጃው ከበደ። ናካጂማ ደግሞ ይህን እያሰበ እንቅስቃሴውን ከሚፈለገው አፍጥኖ መሥራት ነበረበት፤ አለዚያ በስክሪኑ ላይ እንቅልፍ የያዘው አውሬ ይሆን ነበር። በዚያ ከባድ ጎማ ውስጥ ሆኖ መፍጠን!

ከተማውም ቢሆን ካርቶን አልነበረም። ግንበኞቹ ሕንፃዎቹን በጀሶ ሲሠሩ የሚፈርሱበትን መንገድ አብረው ሠርተዋል፤ በሚፈለገው ቦታ እንዲሰነጠቁ ግድግዳቸውን አስቀድመው አዳክመውታል። የጊንዛው ዋኮ ሕንፃ ሰዓት ሲደውል አውሬው ድምፁን ሰምቶ ዞሮ ማማውን ሲሰብረው እናያለን። የቶኪዮ ሰው ሕንፃውን በየቀኑ ያልፍበታል፤ ስለዚህ መስኮቱ አንድ ቢጎድል ያውቅ ነበር። ሞዴል ሠሪዎቹ ሊያታልሉት የተነሡት ያንን ሰው ነው።

የአውሬውን ድምፅ የሠራው አኪራ ኢፉኩቤ ነው፤ ሙዚቃውንም የደረሰው እሱ ነው። የእንስሳት ድምፅ ተሞክሮ አልሆነም። ኢፉኩቤ የኮንትራባስ ክር አላልቶ፣ የጥድ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት ክሩን ከላይ እስከ ታች ሳበው፤ የተቀረጸው ድምፅ ፍጥነቱ ተቀንሶ ተሰማ። ጩኸቱን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ ሕመምም አለበት። ከጉሮሮ ያልወጣ ድምፅ በመሆኑ የማንም እንስሳ አይደለም፤ ግን ሕይወት አለው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴት የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር፣ 23 ሰዎች የጫነች አንዲት የጃፓን ዓሣ አስጋሪ ጀልባ በአመዱ ተመታች። የጀልባዋ የሬዲዮ ሠራተኛ በሴፕቴምበር ሞተ። ፊልሙ የወጣው ከዚያ በሁለተኛው ወር አጋማሽ ላይ ነው፤ የሚጀምረውም በባሕር ላይ ድንገት በሚበራ ብርሃንና በምትሰጥም ጀልባ ነው። ሆንዳ ራሱ ከጦርነቱ ሲመለስ በፈራረሰችው ሂሮሺማ በኩል ያለፈ ወታደር ነበር። በፊልሙ መካከል አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ ሕንፃ ሥር ተቀምጣለች፤ ከተማው ይነድዳል፤ በቅርቡ አባታችሁ ዘንድ እንሄዳለን ትላቸዋለች። አባትየው የት እንደቀረ ማንም አያብራራም። እ.ኤ.አ. በ1954 ቶኪዮ ውስጥ ማብራራት አያስፈልግም ነበር። የሰሙን ማማ እና የጀሶውን ግንብ የሠሩት እጆች የከተማቸውን ቃጠሎ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እጆች ናቸው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1956 ያዩት ይህን ፊልም አልነበረም። ከ96 ደቂቃው ብዙ ተቆርጦ፣ ሬይመንድ በር የተባለው ተዋናይ እንደ ጋዜጠኛ ተጨምሮበት፣ የኑክሌር ምሬቱ ለዝቦ በ80 ደቂቃ ቀረበላቸው። ዋናው ቅጂ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በስፋት የታየው በ2004 ነው። በመካከሉ ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት የተሳቀው ሳቅ በከፊል በተቆራረጠ ሥራ ላይ የተሳቀ ነው።

በአዲስ አበባ የሰፈር ቪዲዮ ቤት የቻይና ካራቴና የሕንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው በቅንነት ማየት ምን እንደሆነ ያውቃል። አግዳሚው ላይ ተጣብቦ ተቀምጦ፣ አክተሩ ሲከበብ «ከኋላህ!» እያለ ይጮሃል። ሽቦው ታየ? ታየ። ቡጢው ሳይደርስ ድምፁ ቀደመ? ቀደመ። ያ ተመልካች ግን ሞኝ አልነበረም። ፊልሙ አልቆ ሲወጣ እያንዳንዱ ምት መንገድ ላይ እንደገና ይሠራል፤ የትኛው እውነት እንደሆነ፣ የትኛው በካሜራ ብልሃት እንደተሸፈነ ይከራከራል። ከአክተሩ ጋር አብሮ የታመመ ሰው ሐሰተኛውን ምት አይምርም። በማሾፍ ከሚያይ ሰው ይልቅ ፈራጅነቱ የጠነከረ ነው፤ ምክንያቱም የሚያጣው ነገር አለ።

በቅንነት መደሰት ማለት ሁሉን ማመስገን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን «ጎድዚላ ከሜጋሎን ጋር» ውሰዱ። ደካማ ፊልም ነው። ጹቡራያ በ1970 ሞቷል፤ ናካጂማ ልብሱን ሰቅሏል፤ ገንዘቡም ጊዜውም ተመናምኖ ከቀደሙት ፊልሞች የተወሰዱ ቀረጻዎች ተለጣጥፈውበታል። ጎድዚላ በጅራቱ ተንሸራቶ በሁለት እግሩ የሚራገጥበት ዝነኛ ትዕይንት የስበትን ሕግ ጨርሶ ረስቶታል፤ ለዚህም ነው የቀልደኞች ሲሳይ የሆነው። ሆኖም እዚያው ፊልም ውስጥ ግድብ ይፈርሳል። በሞዴል ሥራ ከውሃ የሚከብድ የለም፤ ግድቡን የፈለጉትን ያህል አሳንሱት፣ የውሃ ጠብታ አብሮ አያንስም፣ ካሜራውም ጠብታውን ያጋልጠዋል። ቴሩዮሺ ናካኖ የመራው ቡድን በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ውስጥ ውሃው ብዛትና ኃይል እንዲኖረው አድርጎ ሠራው። ለዚያች ትዕይንት ማንም ተጨማሪ አይከፍላቸውም ነበር። ሊስቅ የተቀመጠ ሰው የጅራቱን ርግጫ እየጠበቀ ግድቡን ያሳልፈዋል።

ያላሳለፉት አሉ። ታካሺ ያማዛኪ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን»ን ደርሶ፣ አዘጋጅቶ፣ ኢፌክቱንም መርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የኦስካርን የልዩ ኢፌክት ሽልማት ከቡድኑ ጋር ወሰደ፤ ለጎድዚላ የመጀመሪያው ኦስካር ነበር። ሥራው የኮምፒውተር ነው፣ ጎማ የለበትም። አውሬው ጊንዛ ሲገባ ግን የሚሰማው የኢፉኩቤ ሙዚቃ ነው፤ እግሩም አሁንም ያሳርፋል እንጂ አይረግጥም።

የ1954ቱን የሚያይ ሰው ጅራቱንም እንዲከታተል እፈልጋለሁ። ጅራቱን የሚያንቀሳቅሱት ከላይ ሆነው በሽቦ የሚስቡ ሠራተኞች ናቸው፤ ስማቸውን የሚያነሣ የለም። ናካጂማ ከፊቱ ያለውን እንኳ በቀዳዳ ነበር የሚያየው፤ ከኋላው ያለውን ጨርሶ አያይም። ሽቦ ሳቢዎቹ እርምጃውን አንብበው፣ ካሜራው ከሚሄድበት ፍጥነት ጋር አስማምተው፣ ጅራቱን በትክክለኛው ቅጽበት መልቀቅ ነበረባቸው፤ ጀሶው የሚፈርሰው አንዴ ነው። አውሬው በኒቺጌኪ ቲያትር ቤት አጠገብ ሲያልፍ ሰውነቱ ይቀድማል፤ ጅራቱ ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ይመጣና ግድግዳውን ይመታዋል። ያቺን ግማሽ እርምጃ ያቆዩት በአናቱ ላይ የቆሙት ሰዎች ናቸው።