ጥሩ የጦስኝ ንጣፍ በምን ይታወቃል?

በአዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. 34፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 102 የነፋስ ተርባይኖች ተመርቀው ሥራ ጀምረዋል። ለኤሌክትሪክ ኃይል በረከት የሆነው ይህ ነፋስ ጦስኝን ከዘር አብቅሎ የግቢን መሬት ማልበስ ለሚፈልግ ሰው ከባድ ፈተና ነው። የጦስኝ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው፤ ከአንድ ግራም ውስጥ ብዙ ሺህ ፍሬ ይወጣል። ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይመለስበትም፤ እርጥብ አፈር ላይ ተበትኖ በመዳፍ ጫን ጫን ይደረጋል እንጂ። እንዲህ ከላይ የተቀመጠ ዘር ከቀትር በኋላ የሚነሣው ደረቅ ነፋስ ካገኘው ሳይነቃ ይቀራል።

ስለዚህ በአዳማ የአንድን ችግኝ ጣቢያ ሥራ መመዘን የሚፈልግ ሰው ከችግኙ በፊት የዘር ሳጥኑን ይመልከት። ሳጥኑ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ተቀምጦ፣ በስስ ጨርቅ ወይም በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ውሃውን ከሥር እየሳበ ከሆነ ባለቤቱ ሥራውን ያውቃል። ከላይ በውሃ ማጠጫ ዶፍ የሚወርድበት ሳጥን ደግሞ ገና ከሩቅ ያስታውቃል፤ ዘሩ ተጠራርጎ አንድ ዳር ይከማቻል፤ መሐሉ ራቁቱን ይቀራል።

ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው። በባሌ ዲንሾ፣ በመንዝ፣ በጣርማ በር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትር ድረስ፣ ድንጋይ በበዛበት ስስ አፈር ላይ ተንሰራፍቶ ይገኛል። በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት የዱር ጦስኝ አለ። በሸዋና በባሌ የሚታወቀው ዓይነት የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ከቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ እዚሁ ኖሯል። ሁለተኛው ዓይነት በብዛት የሰሜኑን ተራሮች ይወዳል።

አዳማ ግን ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ ባቱም እንደዚያው። ሻሸመኔና ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋሉ። ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥታ የምትገኘው አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አሰላ ላይ ለጦስኝ የሚስማማውን ቅዝቃዜ ተፈጥሮ ራሷ ሰጥታለች፤ አዳማ ላይ አትክልተኛው በብልሃት መተካት አለበት። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ንጣፍ አሰላ ላይ ተራ ሥራ፣ አዳማ ላይ ግን የሚደነቅ ሥራ ሊባል ይችላል። ይህን ልዩነት ሳይቆጥሩ የሁለቱን ከተሞች ግቢዎች ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ብልሃቱ ከወቅት ይጀምራል። የጦስኝ ዘር የሚወደው ሙቀት ከ15 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለመብቀልም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል። እንደ አዳማ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለዚህ የሚቀርበው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ሌሊቱ መቀዝቀዝ የሚጀምርበት ጥቅምት ነው። በጥቅምት የተዘራ ዘር በታኅሣሥና በጥር ለመትከል ይደርሳል፤ የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት ሲመጣ ሥሩ ጠልቆ ይጠብቃል። በሚያዝያ የሚዘራ ሻጭ ካጋጠመ ግን ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ችግኙ በሙቀት ተወልዶ፣ ገና በለጋነቱ ከክረምት ዝናብ ጋር ይገናኛልና።

ቀጥሎ ችግኙን በእጅ መያዝ ነው። ጥሩ ችግኝ አጭርና ቅርንጫፈ ብዙ ነው፤ ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ተቀራርበው ይቀመጣሉ። ቀጥኖ ወደ ላይ የተሳበ ችግኝ ብርሃን ተርቦ ያደገ ነው፤ መሬት ላይ ሲያወርዱት መንሰራፋቱን ትቶ ይወድቃል። ከፕላስቲኩ ሲወጣ ሥሩ ነጣ ብሎ አፈሩን አቅፎ መያዝ አለበት። ሥሩ ከሥር እየተሽከረከረ ከጠነከረ ቆይቷል፤ አፈሩ ተበትኖ ከቀረ ደግሞ ገና ነው። ግንዱ እንጨት የሆነ፣ ሥሩ የተቆራረጠ ሆኖ ከተገኘ ከዘር የበቀለ ላይሆን ይችላል፤ ከዱር ተነቅሎ በከረጢት የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ይህን አለመግዛት የገዢው ግዴታ ነው፤ ለሻይ፣ ለሽሮና ለበርበሬ ሲባል ከነሥሩ እየተነቀለ ያለው የባሌና የመንዝ ጦስኝ ለግቢ ማስዋቢያም መጋዝ የለበትም።

ሽታም ይመዘናል። ከዘር የበቀለ ጦስኝ አንዱ ከሌላው ይለያል፤ ተመራማሪዎችም ከተለያዩ አካባቢዎች በሰበሰቡት ጦስኝ ዘይት ውስጥ ሽታውን የሚሰጡት የካርቫክሮልና የታይሞል መጠን እንደሚለያይ አይተዋል። ስለዚህ አንድ ቅጠል አሽቶ ማሽተት ለሳጥኑ ሁሉ አይበቃም። ጎበዝ አትክልተኛ ሽታ የሌላቸውንና ቀጥ ብለው የሚያድጉትን አስቀድሞ ለይቶ ያስወግዳል።

መሬቱ ላይ ነው ዋናው ፍርድ። ብዙ ሰው ጦስኝ በአዳማ ሙቀት ይሞታል ብሎ ያስባል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ግን ሥሩ ላይ የተኛ ውሃ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ እዚሁ አካባቢ ሞልቷል፦ ለብሎኬት የሚውለው ፑሚስና ቀይ አሸዋ። ከአፈሩ ጋር በደንብ ተደባልቆ፣ መደቡ ከፍ ብሎ ከተሠራ ጦስኙ የደጋውን ድንጋያማ መሬት ያገኘ ያህል ይስማማዋል። መመዘኛው ቀላል ነው፤ አንድ ባልዲ ውሃ መደቡ ላይ ማፍሰስ። ውሃው ወዲያው ከሰረገ መልካም፤ ኩሬ ሆኖ ከቆየ የተተከለው ሁሉ ክረምቱን አይሻገርም። ፍግ የተከመረበት መደብም ያሳስባል፤ ጦስኝ ሲጠግብ ይለሰልሳል፣ ይረዝማል፣ ይበሰብሳል። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ደግሞ ችግሩ ከውሃው ነው፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በአንዳንድ ቦታ ጨው ይበዛዋል።

ከዓመት በኋላስ? ጥሩ ንጣፍ ሲያዩት አፈር አያሳይም። ጠርዙን ቀስ ብለው ሲያነሡት ቅርንጫፎቹ በየአንጓቸው ሥር ሰደው መሬቱን ይዘዋል። መሐሉ አልተራቆተም፤ ከአበባ በኋላ ተከርክሟልና። ሰርዶና እንግጫ በመሐል ብቅ ካሉ ከመትከሉ በፊት የአረሙ ሥር አልተለቀመም ማለት ነው፤ ይህ ጥፋት በኋላ አይታረምም። ቀለሙ ግን ዥንጉርጉር ቢሆን አያስነቅፍም። አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር አረንጓዴ መሆኑ ከዘር የመጣ ንጣፍ ምልክት ነው፤ ከቅርንጫፍ ተቆርጦ ከተባዛው ወጥ ንጣፍ ይልቅ ይህኛው የበለጠ ያምራል።

በኢንተርኔት ላይ ፎቶው ደማቅ ሰማያዊ ወይም ባለ ቀስተ ደመና ቀለም የሆነ የጦስኝ ዘር ሲሸጥ የሚያይ ሰው ገንዘቡን ይያዝ። የሚንሰራፋ ጦስኝ አበባው ሮዝ፣ ወይን ጠጅ ወይም ነጭ ነው፤ ሰማያዊ የለም።

ሒሳቡንም አስቀድሞ መሥራት ይጠቅማል። በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል ለአንድ ካሬ ሜትር 16 ችግኝ፣ ለ20 ካሬ ደግሞ 320 ችግኝ ያስፈልጋል። አዳማ ላይ የሚጀምር ሰው ግቢውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያልብስ። የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያርፍበት፣ ልጆች ኳስ የማይጫወቱበት ሁለት ካሬ መሬት መርጦ 32 ችግኝ ይትከል፤ የሚቀጥለውን ክረምት ከተሻገሩ የቀረውን በጥቅምት ይዝራ።