የቤተ ሙከራ ተስፋና የሕመምተኛው ልብ
(ስለ ሰው ሠራሽ ፔፕታይዶች የቀረበ ሂስ)

አንድ ወጣት የልብ ድካም ያለባቸውን አባቱን ለክትትል ይዞ በመጣበት ዕለት፣ በውጭ አገር የሚኖር ዘመዳቸው የላከውን ትንሽ ብልቃጥ አሳየኝ። «ዶክተር፣ ለልብ ጥሩ ነው ተብሏል፤ ቢጀምሩትስ?» ሲል ጠየቀኝ። በብልቃጡ ላይ ሰው ሠራሽ ፔፕታይድ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍና «ለምርምር ብቻ» የሚል ማሳሰቢያ በእንግሊዝኛ ሰፍሯል። ጥያቄው ስለ አንድ ብልቃጥ ቢሆንም፣ እኛ የጤና ባለሙያዎች የምርምር ውጤትን እንዴት እንደምናነብ የሚፈትን ነው።

ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ኤላሚፕሬታይድ የተባለው አራት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ በማይቶኮንድርያ የውስጠኛ ሽፋን ላይ ከሚገኘው ካርዲዮሊፒን ጋር ይጣበቃል። የልባቸው ደም ቧንቧ ተዘግቶ በተከፈተላቸው እንስሳት ላይ ሲሞከር የሞተውን የልብ ጡንቻ መጠን ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የኤምብሬስ ጥናት ግን በሰዎች ላይ ይህን ጥቅም አላገኘም፤ መድኃኒቱ ጉዳት ባያደርስም በኢንዛይም የተለካው የጡንቻ ጉዳት አልቀነሰም።

ክፍተቱ ከየት መጣ? በቤተ ሙከራ ያለው እንስሳ ብዙውን ጊዜ ወጣትና ጤነኛ ነው፤ ቧንቧው የተዘጋበት ደቂቃም ይታወቃል። የእኛ ሕመምተኛ ግን የስኳር በሽታና የደም ግፊት ተደርበውበት፣ ሕመሙ ከጀመረው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ይደርሳል። ስለሆነም ሂሱ በሙከራው ላይ ሳይሆን ሙከራውን እንደ ሕክምና አድርገው በሚያቀርቡት ላይ ነው። ይኸው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ የተፋጠነ ፈቃድ ያገኘውም ባርዝ ሲንድሮም ለተባለ ብርቅዬ በሽታ እንጂ ለተለመደው የልብ ሕመም አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ ረቂቅ ነው። ኡላሪታይድ የተባለው ባለ 32 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ድንገተኛ የልብ ድካም በያዛቸው 2,157 ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ለ48 ሰዓት በደም ሥር ሲሰጥ የልብን ጫና የሚያመለክተው ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ቀነሰ። ይሁን እንጂ በልብና በደም ሥር በሽታ የሞቱት መድኃኒቱን ካገኙት 21.7 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 21.0 በመቶ ነበሩ። የላቦራቶሪው ቁጥር ተሻሻለ፤ የሕመምተኛው ዕድል ግን አልተሻሻለም።

ይህ ማለት ፔፕታይድ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በእባብ መርዝ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲንን አርአያ አድርጎ የተሠራው ኤፕቲፊባታይድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው የፐርሱት ጥናት ከ10,000 በላይ በሆኑ ሕመምተኞች ላይ ተፈትኗል። በ30 ቀናት ውስጥ የሞቱ ወይም የልብ ጡንቻ ጉዳት የደረሰባቸው ከ15.7 ወደ 14.2 በመቶ ቀንሰዋል፤ በአንጻሩ የደም መፍሰስ ጨምሯል። ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙም ጉዳቱም በሰው ላይ ተለክቶ የታወቀ ነው።

እንግዲህ አዲስ ውህድ ሲወደስ ስንሰማ ልንጠይቅ የሚገባን ይህ ነው፦ በማን ላይ ተሞከረ? የተለካው የላቦራቶሪ ቁጥር ነው ወይስ የሕመምተኛው ሕይወት? ከምንስ ጋር ተነጻጸረ?

ለወጣቱ ብልቃጡን እንዳይጠቀሙበት ነገርኩት። ከዚያም አባቱ የታዘዙላቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ስንመለከት፣ ጥቅማቸው በሚገባ ከተረጋገጠው ሁለቱን በገንዘብ እጥረት አቋርጠዋቸው ኖሯል። ዘመዳቸው ከእንግዲህ ለእነዚህ መግዣ ገንዘብ እንዲልክላቸው ተስማማን።