አቤቱታ ወይስ ደብዳቤ?

በኖርዝ ድሩይድ ሂልስና በአካባቢው ለምንኖር ኢትዮጵያውያን «ለኮንግረስ እንጻፍ» የሚለው ጥሪ አዲስ አይደለም። አገር ቤት ክፉ ነገር በተሰማ ቁጥር አንድ ተዘጋጅቶ ያለቀ ደብዳቤ በኢሜይል ይደርሰናል፤ ስማችንን ከግርጌው አኑረን እንልካለን። ደብዳቤው ራሱ ሲተች ግን እምብዛም አልሰማሁም። እስኪ ልሞክር።

ከደረሱኝ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከሦስት ሺህ ዘመን ታሪካችን ነው። ውግዘትና ምሬት ይከተላል። ጥያቄው ብቅ የሚለው መጨረሻ ላይ ሲሆን እሱም «አንድ ነገር ያድርጉልን» ከማለት አያልፍም። ይህ ለዙፋን ችሎት የሚቀርብ አቤቱታ ነው። የአሜሪካ ሴናተር ግን ንጉሥ አይደለም፤ በየ6 ዓመቱ ድምፅ ለማኙ እሱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር መነገር ያለበት የታሪካችን ርዝመት ሳይሆን የጸሐፊው ነዋሪነት ነው።

ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት ኤች አር 2003፣ የኢትዮጵያ የዴሞክራሲና የተጠያቂነት ረቂቅ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2007 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። በሴኔት ግን ድምፅ ሳይሰጥበት የኮንግረሱ ዘመን አበቃ። ረቂቁ የተመራው ለውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሲሆን፣ የጆርጂያው ሴናተር ጆኒ አይዛክሰን ያኔ የኮሚቴው አባል ነበሩ። ለእኚህ ሰው ከሲያትል የሚጎርፍ ደብዳቤ፣ የብሪያርክሊፍ መንገድ ነዋሪ በራሱ ቃል የሚጽፈውን አንድ ገጽ አያህልም ነበር። በ2018 ኤች ሬስ 128 በተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ከፊት ከቆሙት አንዱ የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን ነበሩ፤ የምርጫ ወረዳቸው ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን አውሮራን ያካትት ነበር። ውሳኔው አስገዳጅ ባይሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው።

ቃላቸው አንድ የሆነ 500 ደብዳቤዎች ይቆጠራሉ እንጂ አይነበቡም። የሚነበበው አድራሻና ዚፕ ኮድ፣ የረቂቁ ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ፣ በጸሐፊው ቤተሰብ ላይ የደረሰ አንድ እውነት ያለበት ነው። ከ2001 የአንትራክስ ጥቃት ወዲህ ለካፒቶል የሚላክ ፖስታ በፍተሻ ስለሚዘገይ፣ ነገሩ ሲያስቸኩል ስልክ ወይም የአትላንታው ቢሮ ይሻላል።

«እንግሊዝኛዬ አያወላዳም» የሚል አይጠፋም። የታክሲ ሾፌሩ «እህቴ ታስራለች» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ከምሁሩ ሦስት ገጽ ይበልጣል።

አስተባባሪዎች ሆይ፦ ደብዳቤውን አትጻፉልን። የረቂቁን ቁጥርና የሚመለከተውን ኮሚቴ ብቻ ንገሩን። የቀረውን የምናውቀው እኛ ነን።

ቸር ይግጠመን።